ጉልበት የማያይ መድኃኒት

ኬሚስቷ የካንሰር ዕጢ ጋ ካልደረሰ የማይነቃ መድኃኒት ስትሠራ አሥራ አንድ ዓመት ለፍታለች። ዘንድሮ እናቷ ትከሻ ላይ ዕጢ ወጣ። ሐኪሙ መጀመሪያ መድኃኒቱን የሚቀሰቅሰውን ጄል ዕጢው ውስጥ ወጋ፤ መድኃኒቱን ግን በክንዳቸው ደም ሥር ሰጣቸው።

«ሰውነትን ሁሉ ይዞራል፤ የሚነቃው ጄሉን ሲያገኝ ብቻ ነው» አለች ልጅ።

«በሚያመኝ ጉልበቴም ያልፋል?»

«ያልፋል።»

«እግረ መንገዱን እሱንም ቢያይልኝ ምን አለበት?»

«እንዳያይ ነው አሥራ አንድ ዓመት የለፋሁት፣ እማዬ።»

እናት ፊታቸውን አዞሩ።

በሦስተኛው ወር ዕጢው በግማሽ ቀነሰ። ጸጉራቸው አልረገፈም፤ ምግብም አልዘጋቸውም።

«ጉልበቴ ግን ያው ነው» አሉ እንዳኮረፉ።

ልጅ ማስታወሻዋ ላይ «ጉልበት፦ ምንም ለውጥ የለም» ብላ ጻፈችና ሁለቴ አሰመረችበት። ከዚያ ቅባት አምጥታ ጉልበታቸውን ታሽ ጀመር።

«እግረ መንገድሽን» አሉ እናት፣ «ወገቤንም።»