ከስለቱ ሥዕል ግርጌ

ሚዛን ተፈሪ ከተማ ውስጥ የማይሻግት ነገር የለም። ጫማ ይሻግታል፣ በርበሬ ይሻግታል፤ በስብሰባ ብዛት ሰውም ይሻግታል እያሉ የሚቀልዱ ነበሩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ማናልሞሽ ግን ሌላው ሁሉ ቢሻግት ግድ አልነበራትም። የምትሳሳው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ለተለጠፈው የስለቷ ሥዕል።

ሥዕሉን ያሣለችው አንድ ልጇ ፈንታው ቴፒ ላይ ወባ ጥሎት ከሞት አፋፍ በተመለሰ ጊዜ ነው። ሠዓሊው እንደ ደንቡ ከእመቤታችን እግር ሥር ስለት ያገባውን ሰው ሊሥል ሲል፣ «እኔን ተወኝ፣ እሱን አድርግልኝ» አለችው። እሱም ፈንታውን በሰማያዊ ልብሱ እንደ ተንበረከከ ሣለው፤ የጉንጩ ጠባሳ እንኳ አልቀረችም።

በቀይ ሽብር ጊዜ ፈንታውን ከትምህርት ቤት ወሰዱት፤ በዚያው ቀረ። እርም ማውጣት ቀርቶ ማልቀስም ክልክል ነበር። ቤቱ ሊፈተሽ ነው ሲባል፣ ከጓደኞቹ ጋር የተነሣቸውን ፎቶዎች የሰው ልጅ እንዳያስይዙ ብላ ሁሉንም ምድጃ ውስጥ ጨመረቻቸው። ፈታሹ ግን ጭራሽ አልመጣም። ከዚያ ወዲህ የልጇ መልክ በምድር ላይ የቀረው እዚያ ግድግዳ ላይ ብቻ ሆነ።

ስለዚህ ክብረ በዓል በመጣ ቁጥር ሻጋታውን በግማሽ ሎሚ ታሸው ጀመር። ድስት የሚያጠራ፣ እጅ የሚያነጻ ሎሚ ሥዕል ይጎዳል ብሎ ማን ይጠረጥራል? መሪጌታ ወልደጻድቅም የእናት አንጀት ነው ብለው እያዩ እንዳላዩ ያልፏታል። ስታሸው ክፉ ሽታ ይወጣል። ሻጋታው ሲለቅ ነው ትልና አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ ትቀጥላለች። ልብሱ እየነጣ፣ ፊቱ እየረገፈ ሲሄድ ደግሞ ሻጋታው በረታ ብላ ሎሚውን ጨመረች።

አንድ ክረምት ታምሩ የሚባል ኬሚስት የቅርሶችን ደኅንነት ሊመረምር ከአዲስ አበባ መጣ። ማናልሞሽ «ሥዕሌን አድንልኝ» ብላ ጉልበቱን ልትስም ጎንበስ ስትል አፈፍ አድርጎ አነሣት።

«እማማ፣ ኧረ በማርያም! መጀመሪያ በሽታውን ልወቀው። ሐኪምም ሳይመረምር መድኃኒት አይሰጥም» አላት።

በሥዕሉ ላይ ካለው ልብስ ጫፍ ከጤፍ የምታንስ ፍርፋሪ በመርፌ አንሥቶ ጠፍጣፋ ብርጭቆ ላይ አኖረ፤ ከትንሽ ጠርሙስም አንድ ጠብታ ጣለባት። ሰማያዊዋ ፍርፋሪ ዓይናቸው እያየ ነጣች። የገማ እንቁላል የሚመስል ሽታም ወጣ።

ማናልሞሽ ነጠላዋን ወደ አፍንጫዋ አነሣችና እጇ እዚያው ቀረ።

«ሠዓሊው የተጠቀመው ልብስ ለማንጣት የሚበጠበጠውን ሰማያዊ ነው» አለ ታምሩ፣ ዓይኑን ከብርጭቆው ሳይነቅል። «ፊቱንም በዚሁ ላይ ነው የሣለው። ሥሩ ዱቄት ሲሆን ፊቱ የሚይዘው አጥቶ ረገፈ። ሻጋታ እንዲህ አያደርገውም፤ ይህን ቀለም የሚገድለው አሲድ ነው። ሎሚ ወይም ኮምጣጤ የነካው ሰው አለ?»

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ የዚህ አገር ዝናብ እኮ . . .»

«ይተዉ፣ መሪጌታ» አለች ማናልሞሽ። «ሽታውን አውቀዋለሁ። እኔ ነኝ።»

ታምሩ ቀና ብሎ አያት። እስከዚያች ሰዓት ስለ ቀለም ብቻ የሚያወራ መስሎት ነበር።

«ትመልሰዋለህ?» አለችው።

«የቀረው እንዳይረግፍ አጣብቄ አቆየዋለሁ፣ እማማ። የሄደውን ግን በግምት ቢሥሉት የሌላ ሰው ፊት ነው የሚሆነው።» ትንሽ አመነታ። «ፎቶ ካለዎት ግን . . .»

ማናልሞሽ እጆቿን ዘርግታ አየቻቸው። ልጇን የወሰዱት ሌሎች ናቸው፤ መልኩን ያጠፉት ግን እነዚህ ናቸው።

«ፎቶውን አቃጠልኩት» አለች። «ይህንንም አጠብኩት።»

ከዚያ ነጠላዋን ከራሷ ጣለች። «ወይኔ ፈንታዬ! ወይኔ ልጄን!» ብላ ደረቷን መታች። ያን ሁሉ ዓመት ታፍኖ የኖረው ለቅሶ ያን ቀን ወጣ።

የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ከአጥሩ ማዶ ነው። መሪጌታ ለቅሶው እዚያ እንዳይሰማ ሮጠው በሩን ሊዘጉ እጃቸውን መዝጊያው ላይ ጣሉ፤ ኋላ ግን ተዉት፤ እሳቸውም እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ለቅሶውን ሰምተው የሰፈሩ ሴቶች አንድ በአንድ እየገቡ አጠገቧ ተቀመጡ፤ ያለቀሱም ነበሩ። «ማን ሞተ?» ብላ የጠየቀች ግን አልነበረችም።