ቅንፎቹ እስኪገጥሙ

መምህርቷ በቅዳሜው የጎልማሶች ክፍል ስም ስትጠራ ድምፅዋ መሃል ላይ ያዛት። ከዝርዝሩ ወደ ታች የተጻፈው የገዛ አባቷ ስም ነበር። የስም መመሳሰል ይሆናል ብላ ቀና ስትል፣ ሰውየው ራሱ በመስኮቱ በኩል ለሕፃን በተሠራ ዴስክ ውስጥ ረጃጅም እግሮቹን አጣጥፎ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ ቁጭ ብሏል።

«አቤት መምህርት!» አለና ብድግ አለ።

«አባ...» ብላ ጀመረችና ዋጠችው። ቀጣዩን ስም ጠራች።

አባቷ ዕድሜውን ሙሉ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ወገቡ አልታዘዝ ሲለው መሪውን ለቅቆ አውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ የስምሪት ሠራተኛ ሆነ፤ የትኛው አውቶቡስ በየት መስመር እንደሚወጣ የሚመድበው እሱ ነው። ትምህርቱን ያቋረጠው ገና በልጅነቱ፣ አባቱ ሞቶ ታናናሾቹ እሱን እሱን ማየት ሲጀምሩ ነው። ከዚያ ወዲያ የራሱን ነገር አንስቶ አያውቅም። ልጁን ግን ዝናብም ይሁን ሕመም ከትምህርት ቤት አላስቀራትም። ሒሳብ መምህርት የሆነች ቀን ጋራዡን ሁሉ ሻይ ጋብዞ፣ «ከእንግዲህ በሒሳብ የሚያታልለኝ ካለ ይምጣ!» እያለ ሲጎርር ውሏል።

ያን ቅዳሜ እቤት ከምሳ በኋላ አፋጠጠችው።

«ለምን አልነገርከኝም አባዬ?»

«ብነግርሽ ሌላ ክፍል ታስገቢኝ ነበራ!»

«አሁንስ ባስገባህ ማን ይከለክለኛል?»

«ርዕሰ መምህሩ። ከሱ ጋር ጨርሻለሁ። ፈተናውን የሚያወጣውም የሚያርመውም ሌላ መምህር ነው፤ አንቺ ማስተማር ብቻ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንድ ነገር ግን አደራ። እዚህ ቤት ውስጥ ስለ ሒሳብ አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺልኝ። ለሌላው ሰው የነገርሽው ለኔም ይበቃኛል። የልጁን እጅ ይዞ አለፈ እንዲሉኝ አልፈልግም።»

እናቷ ሳህን እያጠበች ሳቋን ለቀቀችው። ምስጢሩን ከመጀመሪያው ታውቅ ኖሯል። «ተይው ልጄ፣ እልኸኛ ነው። አንቺስ በማን ወጣሽና!»

ክፍሉ አባትና ልጅ መሆናቸውን ለመረዳት ጊዜ አልፈጀበትም። አባትየው እጁን አውጥቶ፣ «ይቅርታ መምህርት፣ ያቺን ሁለተኛዋን መስመር ቢደግሙልን?» ሲል፣ እሷ ሳታስበው «እሺ አባዬ» አለች። ክፍሉ በሳቅ አወካ። ከተወለደች ጀምሮ «አንቺ» ሲላት የኖረ ሰው «እርስዎ» ሲላት ጆሮዋ እስኪግል አፈረች። እሱ ግን ፍንክች አላለም። ክፍል ክፍል ነው፤ መምህር መምህር ነው።

ከተማሪዎቹ መሃል ብልጭታ የሚሉት ብረት በያጅ ነበር። ቅጽል ስሙን ያወጡለት ለሥራው ብቻ አይደለም፤ ምላሱም ካረፈበት ያቃጥላል። ጎበዝ ነው፤ ጎበዝነቱን ደግሞ ሰው እንዲያውቅለት ይፈልጋል። አንድ ቅዳሜ አባትየው የቤት ሥራውን ሁሉ በትክክል ሠርቶ ሲመጣ፣ ብልጭታ ለጎረቤቱ ሹክ የሚል መስሎ ሁሉም እንዲሰማ አድርጎ፣ «እኛ ላባችንን እናፈሳለን፣ ለሳቸው ከእራት ጋር ይቀርብላቸዋል» አለ።

አባትየው ደብተሩን ከድኖ አቀረቀረ።  መምህርቷ ልትናገር ፈለገች፤ ግን ምን ትበል? ልጅ ለአባቷ ጥብቅና ብትቆም ሐሜቱን ማጽደቅ ነው።

የዚያን ሰሞን ትምህርቱ ፖሊኖሚያልን ወደ ፋክተር መቀየር፣ ማለትም የተደመረውን ወደ ብዜት መልሶ መጻፍ ነበር። መጀመሪያ የጋራ የሆነውን ከቅንፍ ማውጣት ነው፤ 6x + 9 ሲሰጣቸው ሦስት ለሁለቱም የጋራ ነውና 3(2x + 3) ብለው ሁሉም በአንድ አፍ መለሱ። ቀጥሎ መቧደን መጣ። xy + 2x + 3y + 6 ብላ ጻፈችና «ለአራቱም የጋራ የሆነ ነገር አለ?» ስትል ጠየቀች። የለም። «እንግዲያው ሁለት ሁለት አድርገን እንቧድናቸው» አለች። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት x ወጣ፤ ከኋለኞቹ ሦስት ወጣ፤ x(y + 2) + 3(y + 2) ሆነ። «አሁንስ? ቅንፉ ራሱ የጋራ ሆነ አይደል?» ብላ (y + 2)(x + 3) ስትጽፍ፣ ከኋላ አንዲት ሴትዮ «እሰይ!» ብላ አጨበጨበች።

ማይነስ ሲገባበት ግን ጉድ ፈላ። ግማሹ ክፍል ተደነባበረ። አባቷም እንደዚያው። በሳምንቱ መሃል ከሥራ ስትመለስ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ አገኘችው። x³ + 5x² − 2x − 10 ይሠራል። በትከሻው በኩል አየት ስታደርግ ከኋለኞቹ ሁለት ማይነስ ሁለትን አውጥቶ −2(x − 5) ብሏል። ከፊተኛው ቅንፍ (x + 5) ጋር አልገጥም ብሎት እየጻፈ ይሰርዛል።

«አባዬ...»

«ሂጂ ውሃሽን ጠጪ» አላት ቀና ሳይል።

ሄዳ ውሃዋን ጠጣች። ምላሷን ነክሳ ወደ ክፍሏ ገባች። ጥርስ ያመመው ልጅ ይዛ ሐኪም እንደጠፋባት እናት ስትንቆራጠጥ አመሸች።

ቅዳሜ ደረሰ። «ሰሌዳ ላይ ማን ይሥራልን?» ከማለቷ ብልጭታ ቀደም አለ።

«አባታችን ይውጡልና! ዕውቀታቸው ከቤት የመጣ ነው ወይስ ከክፍል፣ እንየው እስቲ።»

 ልትከለክል አፏን ስትከፍት አባቷ ተነስቶ መንገድ ጀምሯል። ያን ጊዜ ሌላ ሐሳብ መጣላት። መጽሐፉን ለብልጭታ አቀበለችው። «ጥያቄውን አንተ ምረጥ» አለችው።

ብልጭታ ገጹን ገልጦ ወደ መልመጃው መጨረሻ፣ ከባዶቹ ወደሚገኙበት ወረደ፤ አንዱን አነበበ። አባትየው ጻፈ፦ x³ − 3x² − 4x + 12።

መጀመሪያ ሁለቱን በክብ ከለላቸው። x²(x − 3)።  ቀጥሎ − 4(x + 3) ብሎ ጻፈና ራቅ ብሎ አየው።

«አልገጠሙም» አለ።

ከኋላ አንድ ሰው ሲስቅ ተሰማ። መምህርቷ መዳፏ ውስጥ ያለው ጠመኔ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። «ምልክቱን» ማለት ብቻ ይበቃ ነበር።  አባቷ ወደ እሷ አልዞረም፤ አላያትምም። እሷም ያቺን ቃል አላለችም።

«እስቲ መልሼ ላባዛው» አለ ለራሱ፣ ግን ሁሉም ይሰማዋል። «ማይነስ አራት በኤክስ፣ ማይነስ አራት ኤክስ። እሺ። ማይነስ አራት በሦስት፣ ማይነስ አሥራ ሁለት። እላይ ያለው ግን ፕላስ አሥራ ሁለት ነው።»  ጣቱን ከአንዱ ምልክት ወደ ሌላው አመላለሰ። «አሃ! ማይነሱ ሲወጣ ውስጥ የቀሩትም ምልክታቸውን ይለውጣሉ ማለት ነው። ለኤክሱ ለውጬ ለአሥራ ሁለቱ ረሳሁ!»

ዳስተር አልፈለገም፤ በመዳፉ ጠራርጎ −4(x − 3) ብሎ ጻፈ። ከሥሩ ደግሞ ሰፋ ሰፋ ባለ ፊደል (x − 3)(x² − 4) አለና ከሰሌዳው ዘወር አለ። ፊቱ በርቷል። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ።

«አላለቀም» አለ ብልጭታ።

«ኧረ በቃህ አንተ ሰው!» ብለው ጮኹበት።

«ለተንኮል አይደለም! ያ x² − 4 ገና ይከፈታል። ባለፈው የተማርነው፣ የሁለት ስኩዌሮች ልዩነት ነው።»

አባትየው ወደ ሰሌዳው ዞሮ አየ። «እውነቱን ነው!» አለና ጠመኔውን ዘረጋለት። «ና ወንድሜ፣ ጨርሰው።»

ብልጭታ ያላሰበው ነገር ነበር። ወጣና (x − 3)(x − 2)(x + 2) ብሎ ዘጋው። ጠመኔውን ሲመልስ እንደማፈር አለ። «አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ። እርግጥ ነው፣ ከቤት ተሠርቶ የመጣ እንደዚህ አይሳሳትም።»

ቀድሞ የሳቀው አባትየው ነው። መምህርቷ ፊቷን ወደ ሰሌዳው መልሳ፣ መጥፋት የሌለበትን ሁሉ ሳይቀር ታጠፋ ጀመር። ተማሪዎቿ ዓይኗን እንዲያዩባት አልፈለገችም።

ከዚያ ወዲህ አባትየውና ብልጭታ አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጡ ጀመር። የወቅቱን ፈተና ያረመው የፊዚክስ መምህር ስም የሌለባቸውን ወረቀቶች ይዞ መምህራን ክፍል ገባና፣ «ከነዚህ ሁሉ ቅንፉን መልሶ አባዝቶ ያረጋገጠ አንድ ሰው ብቻ ነው። ማነው ይሄ ጠንቃቃ?» አለ። ከትከሻው በላይ አየት አድርጋ የእጅ ጽሑፉን ለየችው። እሷም የአባቷን ቃል ጠብቃ፣ ውጤት እስኪለጠፍ ትንፍሽ አላለችም። ያን ቀን ግን ስትራመድ መሬቱ አልበቃ ብሏት ነበር።

የማጠናቀቂያው ዕለት መምህራን ፊት ለፊት ተደርድረው ተቀመጡ። አባቷ አዲስ ከረባቱ እያነቀው ከብልጭታ ጋር መድረክ ላይ ቆሟል። መድረክ መሪው፣ «የተመራቂ ቤተሰቦች፣ እስቲ ተነሱና ልጆቻችሁን... ይቅርታ፣ ወገኖቻችሁን አድንቁልን!» ሲል አዳራሹ ሳቀ። መምህርቷ ከባልደረቦቿ መሃል ተነሳች፤ በወንበሮቹ መካከል አቋርጣ ከኋላ ከእናቷ አጠገብ ሄዳ ቆመች፤ መዳፏ እስኪቃጠል አጨበጨበች።

ከጎኗ የቆሙ ሴትዮ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ። «ያንቺ የትኛው ነው ልጄ?»

«ያ ረጅሙ» አለች ጣቷን ቀስራ። «አባቴ ነው።»