ዱካ የሌለበት ነጭ

1.

ችካሉን ነቀለው።

2.

ነጭ ወረቀት ውሰድ፣ አንባቢ። ጠረጴዛ ላይ ዘርጋው። ከላይ፣ ወደ ቀኝ ጠጋ አድርገህ በእስክሪብቶ አንዲት ነጥብ ጣል። ሌላ ምንም አትጨምር።

ነጥቧ ሶስና ናት። የእህቴ ልጅ።

3.

ፎቶግራፍ የተማርኩት በጆሮዬ ነው። እጮኛዋ ሚልክያስ ቅዳሜ ቅዳሜ ስቱዲዮው ውስጥ ሲያስተምር፣ እኔ ሶስናን እየጠበቅሁ በሩ አጠገብ እቀመጥ ነበር።

«ቀንሱ» ይላቸዋል። «ዛፉ ካላስፈለገ ዛፉን አውጡት። ደመናው ከበዛ ደመና የሌለበት ቀን ጠብቁ። ባዶው ቦታ የተመልካቹ ነው፤ እሱ ይሙላው።»

ደስ ይለኝ ነበር። ጾም ጾም ይሸተኛል፤ ከማዕዱ ላይ አንስተው አንስተው የሚቀረውን ማየት። እኔም በአሮጌ ካሜራ የግድግዳ ጥላ፣ ብቻውን የቆመ ወንበር፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን ማንሳት ጀመርኩ። ወንበር ቢያነሱት አይከፋውም።

4.

ሚልክያስ ሶስናን ሊያነሳ የመረጠው ቦታ ከቡልቡላ ወዲያ ነው። ሐይቁ ሸሽቶ የተወው ሜዳ። ላዩ እንደ ኖራ ነጭ ነው፣ ደረቅ ይመስላል። ከሥሩ ማጥ አለ።

ገመዳ የሚባል የአገሩ ከብት አርቢ ጠንካራውን መሬት እየመረጠ በተርታ ችካል ተክሎበታል፤ ጫፋቸው ላይ ቀይ ጨርቅ አስሮ። ከብቶቹን ወደ ፍል ውሃው የሚነዳው በዚያ ነው።

«እትዬ፣ ችካሉን ተከትላችሁ ሂዱ፣ ተከትላችሁ ተመለሱ» አለኝ። «አምና አንዲት ጊደር ወደ ግራ ረገጠችብኝ። ቀንዷን ይዘን ጎተትን፣ ጎተትን።»

«ወጣች?»

ወደ ከብቶቹ ሄደ።

5.

ወደ ሜዳው ሲወጡ የሰማሁት፦

ሶስና፦ ከድጡ ወደ ማጡ የሚባለው እዚህ መሆን አለበት!

ሚልክያስ፦ ጃንጥላሽን ያዢ። ወሬ ቀንሺ።

ሶስና፦ ወሬም ትቀንሳለህ ደግሞ? ኧረ ከሠርጉ እንዳትቀንሰኝ!

እኔ፦ አንቺ ልጅ፣ በስመ አብ በይ።

ሶስና፦ ቀልድ እኮ ነው፣ አክስቴ።

6.

በችካሎቹ ጎን ይዟት ሄደ። መጨረሻው ላይ አቆማት። ከዚያ ብቻውን ተመለሰ።

ሲመለስ ችካሎቹን አንድ በአንድ እየነቀለ በብብቱ ያዘ። በሌላው እጁ የግራር ቅርንጫፍ እየጎተተ ዱካውን ይጠርጋል። የሷንም ዱካ።

«ሚልክያስ፣ እሱ እኮ የሰው ምልክት ነው» አልኩት።

«እመልሰዋለሁ፣ እትዬ። ቀዩ ጨርቅ ፎቶውን ያበላሸዋል። የተነቀለበት ቀዳዳው አለ አይደል?»

«ዱካውንስ ምን ልትሆን ትጠርገዋለህ?»

«ተመልካቹ ከየት መጣች ብሎ እንዲጠይቅ ነዋ።»

7.

ቀዳዳው።

ቅርቤ ያለውን ጎንበስ ብዬ አየሁት። ከሥሩ ውሃ አቀረረ። ከዚያ ጠርዙ እንደ ከንፈር ገጠመ።

«ሚልክያስ፣ ና እየው።»

«አንዴ፣ እትዬ። ብርሃኑ እንዳያመልጠኝ።»

8.

ፎቶ።

ነጭ። ጥቁር ጃንጥላ። ከጃንጥላው ሥር ሶስና።

ስክሪኑን አሳየኝ። ያምር ነበር። እግዜር ያያል፣ ያምር ነበር።

9.

ነፋስ።

መጀመሪያ ጃንጥላው በረረ። «እንዲያውም ተሻለ!» አለ ሚልክያስ። ካሜራውን ከዓይኑ አላወረደም። ነጩ አቧራ ከሐይቁ በኩል እንደ ግድግዳ ቆሞ ሲመጣ እኔ አየሁት፤ እሱ በዚያች ጠባብ መስኮት ሶስናን ብቻ ነው የሚያየው።

10.

ፎቶ።

ነጭ።




ካሜራው ከእጁ ወርዶ ደረቱ ላይ ተንጠለጠለ።

«ሶሲ!»

ችካሎቹን ታቅፎ ሮጠ። ቀዳዳ ፈለገ። እግሩ እስከ ጉልበቱ ሰጠመ፤ ጫማውን እዚያው ትቶ በደረቱ እየተሳበ ወጣ።

«እዚህ ነበር» ይላል። «እናቴ ትሙት፣ እዚህ ነበር።»

11.

«ሶስና! እንዳትራመጂ! ከቆምሽበት እንዳትነቃነቂ!»

«አክስቴ! የት ናችሁ? ምንም አይታየኝም!»

«በይ ተቀበይኝ!»

ልጅ ሆና፣ ኪዳን ቆመን ስንመለስ፣ በመንገድ ላይ እየተቀባበልን ነበር ቤት የምንደርሰው። እኔ እላለሁ፣ እሷ ትመልሳለች። አሁንም ያልኩት ገባት። አቧራ ዓይንን እንጂ ድምፅን አይሸፍንም።

ገመዳ ከከብቶቹ ዘንድ እየሮጠ ደረሰ። ችካሎቹን ከሚልክያስ እጅ ነጥቆ፣ በአንዱ መሬቱን እየወጋ ወደ ድምፅዋ ገባ።

«እንዳታቋርጥ በያት፣ እትዬ! በድምፅዋ ነው የምሄደው!»

12.

«እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ።»

«እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ።»

ችካል ሲተከል ሰማሁ።

«እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ።»

«እግዚኦ... መሐረነ ክርስቶስ።»

አንድ ሌላ ችካል። ከዚያ ገመዳ ወደ ኋላ ሲመለስ፣ ሲራገም፣ በሌላ በኩል ሲወጋ።

ድምፅዋ አሁን ከዝቅታ ነው የሚመጣው። ተንበርክካ ይሆናል፣ አልኩ። ለጸሎት ተንበርክካ ይሆናል።

ሚልክያስ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀምጦ ጆሮውን ይዟል።

«እጅህን አውርድ» አልኩት። «ስማት።»

13.

ያቺ የጃንጥላዋ ፎቶ ዛሬ እኔ ቤት ናት። የሚያያት ሰው ሁሉ «እንዴት ታምራለች!» ይላል።

ከየት መጣች ብሎ የጠየቀ እስካሁን አልገጠመኝም።

ታሪኩን የነገርኩት ደግሞ መጨረሻውን ነው ቶሎ የሚፈልገው። እኔ አቧራው ውስጥ ቆሜ የጠበቅሁትን ያህል አንተም ጠብቅ። ባዶው ቦታ የተመልካቹ ነው ተብሎ የለ?

14.

«እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ።»

ተራው የሷ ነው።

15.