ሣር ለሣር የሚበረው ወንድሜ

እኔ የምተዳደረው መኪና መንዳት በማስተማር ነው። በእኔ በኩል ባለው ወንበር ሥር ሌላ ፍሬን አለ፤ ተማሪው ሲደነግጥ የምረግጠው። ቀኑን ሙሉ ከአፌ የማይለየው ቃል «ርቀትህን ጠብቅ» ነው። እግዜር መቀለድ ሲያምረው ታዲያ ርቀት የማይጠብቅ ወንድም ሰጠኝ።

ወንድሜ አብራሪ ነው። አየር ኃይል ሳለ ጓደኞቹ «ጨረፍታ» የሚል ስም አወጡለት፤ መሬቱን ጨረፍ አድርጎ ነው የሚያልፈው ብለው። ከሠራዊቱ ወጥቶ የአየር ትርኢት ቡድን ሲገባም ስሙ ተከተለው። እናታችን ያወጣችለትን ስም አሁን የሚጠራው ባንክ ቤት ብቻ ነው።

እናታችን ገና ልጆች ሳለን ስላረፈች እሱን ያሳደግኩት እኔ ነኝ። በዕድሜ ብዙም አልበልጠውም፤ ግን አፍንጫውን የጠረግኩለትም፣ ብስክሌት ያስተማርኩትም፣ ሲወድቅ ጉልበቱን ያጠብኩለትም እኔ ነኝ። ስለዚህ ሲበር አይቼው አላውቅም ነበር። ሰዎች «እንዴት ይሆናል?» ሲሉኝ፣ «ልጇ ገደል አፋፍ ላይ ሲጨፍር ቆማ የምታይ እናት የት አለች?» እላቸዋለሁ።

እሱ ግን ተስፋ አይቆርጥም። የትርኢቱ ሰሞን ሲደርስ ቤቴ ይመጣና ከበሩ ሳይገባ ይጀምራል።

«እታለም፣ ዘንድሮ ትመጫለሽ።»

«አልመጣም።»

«ለምን?»

«ላንተ ጀብዱ ነው፤ ለኔ የልብ ድካም።»

«ጀብዱ አይደለም» አለኝ አንድ ዓመት፣ ወንበር ስቦ እየተቀመጠ። «ያልገባሽ እሱ ነው። ነገ ሜዳው ድረስ አብረን እንሂድ። በረራ የለም፣ በእግር ነው። ከዚያ በኋላም አልመጣም ካልሽ ሁለተኛ አልጠይቅሽም።»

ሁለተኛ አልጠይቅሽም የምትለዋ ቃል አታለለችኝና ሄድኩ።

ሜዳው መሃል ላይ አንድ ጠባብ የአስፋልት መንደርደሪያ አለ፤ ግራና ቀኙ ሣር ነው። ወንድሜ አንገቱን ደፍቶ ቀለበት እንደጠፋበት ሰው ቀስ እያለ መራመድ ጀመረ። አፈር በተቆለለበት ሁሉ ይቆማል፤ በእግሩ ይነካዋል። ለድንኳን የተወጠረ ገመድ ሲያይ ሠራተኞቹን ጠርቶ አስነሣው። በቀኝ በኩል የነፋስ አቅጣጫ የሚያሳየው ጨርቅ የተሰቀለበት ምሰሶ ጋ ሲደርስ፣ የድሮ ወዳጁን እንዳገኘ ሁሉ በመዳፉ መታ መታ አደረገው። ከዚያ ንጹሕ ሸሚዙን እንደለበሰ ሣሩ ላይ በሆዱ ተኛ።

«ምን ሆነህ ነው? ሰው ያየናል እኮ!»

«ነይ ተኚ፤ አንቺም እዪው። ቆመሽ ስታዪው ሜዳው ደልዳላ ነው። ከዚህ ሲታይ ግን መሃሉ ላይ ጉብ ይላል። እኔ ነገ ስመጣ ያ ጉብታ ወደኔ ይነሣል።»

አልተኛሁም፤ ግን በርከክ አልኩና አየሁ። እውነቱን ነው፤ ጉብ ይላል።

«ይሄን ነገር ማን አስተማረህ?» አልኩት።

«ፍርሃት» አለኝ እየሣቀ። «በውጊያ ጊዜ ከፍ ብሎ የሚበር ከሩቅ ይታያል፤ ስለዚህ ሸለቆ ለሸለቆ፣ ከኮረብታ ጀርባ እየተሸሸግን እንበር ነበር። ሰው ድፍረት ይለዋል። ለኛ ጥላ ፍለጋ ነው።»

«አሁንስ ማን ይተኩስብሃል?»

«አሁንማ ስለሚያምር ነው። ሰማይ ላይ ስትሆኚ አውሮፕላኑ የቆመ ነው የሚመስልሽ። መሮጥሽን የምታውቂው መሬቱ አጠገብሽ ሲሮጥ ነው።»

ይህቺን ሳልወድ ተረዳኋት። ሹፌር ነኝና።

ስንመለስ አንዲት ቀጠን ያለች ወጣት ከነጭ አውሮፕላን ክንፍ ሥር ወጣች። እሷም ከጦር አውሮፕላን ነው ወደ ትርኢት የመጣችው፤ ወንድሜ ዝቅ ብሎ መብረርን የሚያስተምራት እሷን ብቻ ነበር። ወሬ ስለማታበዛ «ጭምት» ይሏታል። እጄን ጨብጣ፣ «ጋሼ ስለ እርስዎ ብዙ ያወራሉ» አለችኝ።

«ምን እያለ?»

«ካስተማሩኝ ሁሉ ቁጡዋ እሷ ናት ይላሉ።»

«አንቺን መጀመሪያ ምን አስተማረሽ?»

«መሸሽ» አለች፣ ፈገግ ብላ። «ያልጠበቅሽው ነገር ሲገጥምሽ፣ ሳታስቢ፣ እጅሽ መሪውን ወደ ሆድሽ ይሳብ፤ ወደ ሰማይ ውጪ፤ ሰማይ ላይ የሚያደናቅፍ የለም አሉኝ። ይሄንን እጄ እስኪለምድ ድረስ ዝቅ እንድል አልፈቀዱልኝም።»

በማግስቱ ሄድኩ።

ትርኢቱን በድምፅ ማጉያ የሚያስተዋውቁት የወንድሜ የቀድሞ አለቃ የነበሩ ጡረተኛ ሻለቃ ናቸው። ሜዳው ዳር በጣውላ በተሠራ ከፍ ያለ መድረክ ላይ ተቀምጠው፣ በአንድ እጃቸው ማይክ ይዘዋል፤ አጠገባቸው የአብራሪዎቹ ንግግር የሚሰማበት ሬዲዮ አለ። እኔን ሲያዩ ወንበር አስመጡልኝ። «እዚህ ይሁኑ እህቴ፤ ከዚህ ሁሉም ይታያል፣ ሁሉም ይሰማል» አሉኝ።

መጀመሪያ ድምፅ አልነበረም። ከሜዳው ጫፍ፣ ከዛፎቹ መካከል፣ አንዲት ቀይ ነጥብ ብቅ አለች። ነጥቧ ክንፍ አወጣች፤ ክንፎቹ ወረዱ፣ ወረዱ፣ በቃ አሁን ይቆማል ስል አሁንም ወረዱ። ሣሩ ከኋላው በማበጠሪያ እንደተከፈለ ፀጉር ለሁለት ይተኛል። ጥላው ከሥሩ ተለጥፏል። ፊታችን ሲደርስ ወንድሜን ቁልቁል አየሁት፤ የሚበር ሰው ቁልቁል ይታያል ብሎ ማን ያስባል? ጭንቅላቱ ቀጥ ብሏል፣ ትከሻው ዘና ብሏል፤ ሻይ ይዞ መስኮት አጠገብ የተቀመጠ ነው የሚመስለው። ከዚያ ጩኸቱ ደረሰና ደረቴን መታኝ፤ ቀዩ አውሮፕላን ጉብታው ጋ ለስለስ ብሎ ከፍ፣ መልሶ ዝቅ አለና ወደ ሰማይ ተተኮሰ።

ቀኝ እግሬ የመድረኩን ጣውላ ረግጦ ደርቆ ነበር፤ ፍሬን ፍለጋ።

ሻለቃው አይተውኝ ኖሮ፣ «እኔም እረግጥ ነበር» አሉኝ። «አሁን ተውኩት። ይሄ ልጅ በሥራ ዘመኔ ካየኋቸው ሁሉ እጁ የተባረከ ነው።»

እኔ እያለቀስኩ ነበር። በፍርሃት አልነበረም። ያ ሁሉ ዓመት ይህን ሳላይ መቅረቴ ቆጨኝ።

ቀጥሎ ቀዩና ነጩ ከሜዳው ሁለት ጫፍ ተነሥተው፣ ፊት ለፊት መጥተው፣ ሕዝቡ ፊት ጎን ለጎን ተላለፉ። ተላልፈው እንዳበቁ ግን ከሣሩ ውስጥ አንድ ትልቅ አሞራ ተነሣ። ነጩ አውሮፕላን መታው። በዚያችው ቅጽበት የአውሮፕላኑ አፍንጫ ወደ ሰማይ ዘለለ። ሕዝቡ የትርኢቱ አካል መስሎት አጨበጨበ።

ሻለቃው ማይኩን ዘጉ።

«ጋሼ።» የጭምት ድምፅ ነው፣ በሬዲዮ። ረጋ ያለ ነው፤ ትንፋሿ ብቻ ያጥራል። «ወፍ መታኝ። መስታወቱ ተሰብሮ ፊቴ ላይ ገብቷል። ግራ ዓይኔ አያይም። ከፊት ለፊቴ ምንም አይታየኝም።»

«ሞተርሽስ?»

«ይሠራል።»

«ጥሩ። መውጣትሽን ቀጥዪ። መጣሁልሽ።»

ሌላ ድምፅ ገባ፤ የሜዳው ኃላፊ ነበሩ፣ ከመቆጣጠሪያው ክፍል። «በፓራሹት ትውረድ» አሉ።

«ከሥሯ ከተማ ነው፣ ጌታዬ» አለ ወንድሜ። «አውሮፕላኑ የማን ጣሪያ ላይ እንደሚወድቅ አናውቅም። ጭምት፣ ነፍስሽ ያንቺ ናት፤ ውሳኔውም ያንቺ ነው።»

የጭምት ድምፅ ተመለሰ።

«አልዘልም ጋሼ።»

«እሺ። ወደ ቀኝ እዪ። ምን ይታይሻል?»

«ቀይ ነገር።»

«እሱ እኔ ነኝ። ከአሁን በኋላ መሬትም አትዪ፣ ሜዳም አትዪ። ቀዩን ብቻ። ቀዩ ሲወርድ ውረጂ፤ ቀዩ ሲዞር ዙሪ።»

ሁለቱ አውሮፕላኖች አንድ ገመድ እንዳሰራቸው ከሩቅ ዞሩ። ሻለቃው ወደ እኔ ጎንበስ ብለው፣ «መንደርደሪያው ለሁለት አይበቃም» አሉኝ በሹክሹክታ። «አስፋልቱን ለሷ ሰጥቶ እሱ በሣሩ ላይ ነው የሚመጣው። እስክትነካ ድረስ ከጎኗ መለየት የለበትም።»

«በየትኛው በኩል?»

«የምታይበት ዓይን የቀኙ ነው። በቀኝ።»

በቀኝ ትናንት መታ መታ ያደረገው የነፋስ ጨርቅ ምሰሶ አለ።

እየመጡ ነው። የወንድሜ ድምፅ በሬዲዮ ይሰማል፤ እንቅልፍ ያጣ ሕፃን የሚያባብል ዓይነት ድምፅ። «እንደዚሁ። ቀስ። ዛሬ ጫማሽ ከበደ እንዴ? ፍጥነቱን ቀነስ አድርጊ። ጎሽ።»

«ጋሼ፣ ምን ያህል ቀረኝ?»

«ስትደርሺ እነግርሻለሁ። አንቺ ቀዩን እዪ።»

ነጩ ከአስፋልቱ በላይ፣ ቀዩ ከሣሩ በላይ፣ ሁለቱም እኩል ወረዱ። ቀዩ ጎማው ሣር ውስጥ የተደበቀ እስኪመስል ዝቅ ብሏል።

«አሁን እኔ ዘንበል እላለሁ» አላት። «ይቺን ብቻ አትከተዪኝ። አንቺ ቀጥ በዪ። ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

ቀኝ ክንፉን ከፍ አደረገ። ምሰሶው ከክንፉ ሥር አለፈ፤ የግራው ክንፍ ጫፍ የሣሩን ራስ ሲያወዛውዝ በዓይኔ አየሁ። ከዚያ ክንፎቹ ተመልሰው ተስተካከሉ፤ ድምፁም እንደነበረው ነው።

«ነካሽ። ሞተሩን ዝጊ። መሪውን ቀጥ አድርገሽ ያዢ። ፍሬን፤ ቀስ፣ ቀስ፣ አትደንግጪ።»

የእኔ ቃላት ናቸው። በየቀኑ መኪና ውስጥ የምላቸው። ነጩ አንዴ ነጠረ፣ ተቀመጠ፣ ሮጠ። ቀዩ መቆም ስለማይችል አልፏት ወደ ሰማይ ወጣ። እሷ መጨረሻው ላይ ወደ ሣሩ ወጣችና አንድ ክንፏን ደፋ አድርጋ ቆመች። አምቡላንሱ ወደሷ ሲሮጥ ሻለቃው ማይኩን ከፈቱ፤ ብዙ ሊሉ አስበው ነበር መሰለኝ፣ የወጣቸው ግን «ሁለቱም ደኅና ናቸው» የሚለው ብቻ ነው።

ወንድሜን ሳገኘው የአውሮፕላኑን ጎማ ተደግፎ መሬት ተቀምጧል። ልቆጣው ነበር የሄድኩት። ውኃ ስሰጠው ኩባያው ጥርሱ ላይ ተንቀጫቀጨ።

«እታለም፣ እጄን እዪው» አለኝ፣ እንደ ልጅ።

«ፈርተህ ነበር?»

«አየር ላይ ጊዜ አልነበረኝም። አሁን ነው የመጣው።»

ኩባያውን ያዝኩለትና ጠጣ።

ኋላ የሜዳው ኃላፊዎች ስለ ነገሩ ሊጠይቁት ጠሩት። ከተፈቀደው ከፍታ በታች በረሃል አሉት። «ከዚያ በላይ ብሆን አታየኝም ነበር» አለ። በፓራሹት ትውረድ ያሉት ኃላፊ ብድግ ብለው ጨበጡት፤ ነገሩም በዚያው አበቃ።

ሐኪሞች ከጭምት ፊት መስታወቱን ለቀሙት። የዓይኗ ብርሃን ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ ግን ርቀት መገመት እንደ አዲስ መለማመድ አለብሽ፣ መጀመሪያ በመኪና ጀምሪ አሏት። እኔ ጋ መጣች። ቅንድቧ ላይ ጠባሳ አለ። ከቆመ መኪና ኋላ ስታቆም መጀመሪያ ሰሞን ወይ በጣም ትርቃለች፣ ወይ እኔ ፍሬኔን እረግጣለሁ። አንድ ቀን መብራት ይዞን ቆመን ሳለ፣ «ልጄ፣ ወደዚያ ነገር ትመለሻለሽ?» አልኳት።

«እትዬ፣ መስታወቱ ሲሰበር ምንም አላሰብኩም» አለችኝ። «እጄ ብቻውን ወደ ላይ ሳበ። ጋሼ ያስተማሩኝ እጄ ውስጥ አለ። ይሄን ይዤ እንዴት ቁጭ ልበል?»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ያለ ስህተት አስነሣችው።

ተመልሳ የበረረች ዕለት ሕዝብም ድንኳንም አልነበረም። ወንድሜና እኔ ሣሩ ላይ ተቀምጠን ነበር፤ በጠዋቱ ሣሩ ላይ በሆዱ ተኝቶ ሜዳውን ሲያይ ሸሚዙ ጭቃ ሆኗል። ነጩ አውሮፕላን ከዛፎቹ መካከል ብቅ አለ፤ ወረደ፣ ሣሩን ለሁለት ከፍሎ ፊታችን አለፈ፣ ወደ ላይም ወጣ። ወንድሜ እስኪጠፋ ድረስ በዓይኑ ተከተለው።

«ከሣሩ ትንሽ ከፍ አለች» አለ።

እኔም እንደዚያው መስሎኝ ነበር።