«ጸልዩላት» ተብሎ የተላከው ፎቶ

ወይዘሮ ንግስት ሰው የሚጎዱት በክፋት አይደለም፤ በጸሎት ነው። ማክሰኞ ጠዋት አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ባለው ቤታቸው ቁጭ ብለው ስልካቸውን ሲከፍቱ ያዩት ነገር ክው አደረጋቸው። የእህታቸው ልጅ ቤዛዊት፣ አንድ የማያውቁት ጎረምሳ ወገቧን አቅፏት ትስቃለች። ከፎቶው ሥር «ትዳሯን ያፈረሰች ሴት እድራችንን ልትመራ ነው?» የሚል ተጽፏል። ቤዛዊት በመጪው እሑድ ለሲልቨር ስፕሪንጉ እድር ሊቀመንበርነት ከአቶ መርዕድ ጋር ትወዳደራለች። በዚያ እድር ሴት ተወዳድራ አታውቅም።

ወይዘሮ ንግስት አለቀሱ። አልቅሰው ሲጨርሱ «እናቶቼ፣ ልጄ ፈተና ላይ ናትና ጸልዩላት» ብለው ጻፉና ፎቶውን ለአርባ ሦስት ሰው ላኩት። ሐሜት ቢሆን እኮ አንዱ «ተዪ እንጂ!» ይላቸው ነበር። ጸሎትን ግን ማን ይከለክላል? እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ከአናንዴል እስከ ኮሌጅ ፓርክ ለቤዛዊት ያልጸለየ አልተገኘም።

ከሰዓት በኋላ ቤዛዊት መጣች። ትዳሩ ፈረሰ የተባለው ባሏ ብስራት ውጭ መኪና ውስጥ ይጠብቃታል።

«አክስቴ፣ ያንን ፎቶ ፎርዋርድ አድርገውታል?»

«ለጸሎት እኮ ነው ልጄ!»

«ግን በደንብ አይተውታል? ዙም አድርገውታል?»

«አንጀቴ አልቻለም። አንዴ አየሁት፣ ላክሁት።»

ቤዛዊት ፎቶውን በሁለት ጣቷ አሰፋችው። የጎረምሳው እጅ ወርቅ አምባር አጥልቋል፤ አውራ ጣቱ ላይ የቆየ የቢላዋ ጠባሳ አለ። ወይዘሮ ንግስት የገዛ እጃቸውን ገልብጠው አዩ። አምባሩም ጠባሳውም እዚያው ነው። አምና ክርስትና ላይ አብረው የተነሱት ፎቶ ነበር። አንድ ባለጌ እሳቸውን አውጥቶ ጎረምሳ አስገብቶበታል፤ ቸኩሎ ነው መሰል እጃቸውን ረስቷል።

«ኡኡ! ሰውዬው እኔ ነኝ!» ብለው በሳቅ ፈነዱ።

ቤዛዊት አልሳቀችም። «ሌላ ሰው ቢልከው ማንም አያምንም ነበር። ከእርስዎ ስለመጣ አመኑት።»

ወይዘሮ ንግስት አፈሩ። ወዲያው ፎቶውን «ውሸት ነው» ብለው መልሰው ሊያዞሩት ስልኩን ሲያነሱ ቤዛዊት እጃቸውን ያዘች።

«ፎቶውን እንደገና ካዞሩት ያንኑ ውሸት ነው የሚያዞሩት። እውነቱን ብቻ በድምፅዎ ይንገሯቸው።»

እሺ አሉ። ግን «ተሳሳትኩ» ማለት ቀላል መሰላችሁ? እስከ ቅዳሜ ድረስ የነገሩት ለዘጠኝ ሰው ብቻ ነበር።

እሑድ አዳራሹ ሞላ። ነባሩ ሊቀመንበር አቶ ብርሃነመስቀል ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ስለ እጩዋ የሚወራ ነገር ስላለ ማብራሪያ ትስጠን» አሉ። ቤዛዊት ከመነሳቷ በፊት ወይዘሮ ንግስት ቆሙ።

«ማብራሪያውን እኔ እሰጣለሁ። ሳላጣራ የላክሁላችሁ እኔ ነኝ። ያቀፋት ሰውዬም እኔ ነኝ!» ብለው አምባር ያለበትን እጃቸውን ከፍ አደረጉ።

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁ።

«እሺ፣ አቶ መርዕድን ማን እንዳቀፋቸው ማብራሪያ ጠይቃችኋል?»

አቶ መርዕድ መሬት መሬት አዩ።

«በሉ ስልካችሁን አውጡ። እኔም አልጨረስኩም፣ ሠላሳ አራት ሰው ይቀረኛል። ለላካችሁለት ሁሉ ውሸት ነው ብላችሁ በድምፃችሁ ንገሩ።»

መጀመሪያ ከኋላ ወይዘሮ ካሰች «እኔም ልኬያለሁ» ብለው ስልካቸውን አፋቸው ላይ ደቀኑ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። አዳራሹ በሹክሹክታ ተሞላ። ትንሽ ቆይቶ ኪሱም ቦርሳውም ይጮህ ጀመር፤ ለካ ሁሉም የላከው እዚያው ለተቀመጠው ሰው ነው።

ቤዛዊት በአራት ድምፅ አሸነፈች። አቶ መርዕድ እንኳን ደስ ያለሽ ብለው እጇን ሲጨብጡ የእሳቸው ስልክ «ውሸት ነው» በሚሉ የድምፅ መልእክቶች ገና መጮህ አላቆመም ነበር።