እማዬ የሚለው ፖስታ

ቤቱ ተሸጧል። ገዢው መጋረጃውን ሳይቀር ከነዘንጉ ተረክቦ ሲያበቃ፣ «ወረቀቱን ግን እባካችሁ ውሰዱልኝ» አለ። ስለዚህ የሳሙና ፋብሪካ የነበረው ቤተሰብ ያጠራቀመው ደብዳቤ፣ የሠርግ መጥሪያ፣ የሳሙና መጠቅለያና ፎቶግራፍ ሁሉ ወደ ቤተ መዛግብት ሊሄድ ሆነ።

ከልጆቹ የቀሩት ሁለት ናቸው። ታናሽየዋ ሚጢጢ ትባላለች። የመጨረሻ ልጅ ስለነበረች የወጣላት ስም ነው፤ እሷ ዛሬ ከወንበር የምትነሳው ጉልበቷን ይዛ ነው፣ ስሙ ግን አብሯት አላረጀም። ወንድሟ ደግሞ ዳኛው ይባላል። ፍርድ ቤት የገባው አንዴ፣ ያውም ለምስክርነት ነው። ልጆች ሆነው በኳስ ሲጣሉ «ዝም በሉ፣ እኔ ልፍረድ» እያለ ኳሱን ለራሱ ይፈርድ ስለነበር በዚያው ጸደቀበት።

ከቤተ መዛግብት የተላከችው ባለሙያ ነጭ የጨርቅ ጓንት ያጠለቀች፣ ድምጿን እንደ በሽተኛ ጠያቂ ዝቅ አድርጋ የምትናገር ወጣት ናት። ትልቁ የምግብ ጠረጴዛ ላይ ፎቶዎቹን ልጆቹ ድሮ ጀርባቸው ላይ በጻፉት ስም እየለየች በየፖስታው ከትታለች። የቤተሰቡ ፖስታዎች በአንድ ሳጥን፣ የሠራተኞቹ በሌላ ሳጥን።

ሚጢጢ ጠዋቱን ሙሉ እጇ ሥራ አልያዘላትም። አንዱን መጠቅለያ አንስታ ታሸታለች፤ ያ ሁሉ ዘመን አልፎ ዛሬም ሽታው አለ። በአንዱ ፎቶ አባባ ከመጀመሪያው የጭነት መኪናው ጎን፣ አድኖ የጣለው ይመስል አንድ እግሩን ጎማው ላይ ሰቅሎ ቆሟል። እሱን አይታ ብቻዋን ትስቃለች። ደረጃው ላይ በመስመር የተደረደሩት ልጆች አንገታቸው ድረስ ተቆልፈዋል። ያ ልብስ እንዴት ያሳክክ እንደነበር ታስታውስና አንገቷን ታካለች።

«እማማ» አለች ባለሙያዋ፣ «እናታችሁ ፎቶ ይወዱ ነበር አይደል?»

«ማን፣ እትዬ? ምን በወጣት! ፎቶ አንሺ ሲመጣ ራሷን ነበር የሚያማት፤ አባባ እየጎተተ ነው የሚያስነሳት።»

ወጣቷ እርሳሷን አስቀመጠች። «እትዬ የተባሉትን እኮ አክስት ብዬ ነው የመዘገብኳቸው።»

«አክስት?» አለ ዳኛው፤ ከተቀመጠበት ግማሽ ድረስ ተነሳ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ቤት ዘበኛው፣ ሾፌሩ፣ ልብስ አጣቢዋ፣ ሁሉም እመቤቲቱን እትዬ ይላታል። ልጅ ደግሞ አፉን የሚፈታው ቤት ውስጥ በሚጮኸው ስም ነው። ልጆቹም እናታቸውን እትዬ አሏት። እማዬ የሚለው ስም ሰው ሲያጣ፣ የምታዝላቸውና የምታበላቸው ሞግዚት አነሳችው። በቤተ መዛግብቱ አያያዝ፣ እትዬ ከነሐር ቀሚሷና ከነአንገት ጌጧ አክስት ሆናለች፤ ሞግዚቷ የባለፋብሪካው ሚስት።

«ይስተካከል!» አለ ዳኛው። «እማዬ የሚለው ፖስታ ወደ ሠራተኞች ሳጥን ይሂድ።»

ሚጢጢ ደነገጠች። «እዚያ ምን ይሆናል?»

«በስማቸው ይቀመጣል» አለች ወጣቷ። «ስማቸው ካልታወቀ ግን ‹ያልታወቁ› የሚል ሳጥን አለን። ምድር ቤት።»

«ጋሼ፣ ስሟ ማን ነበር?» አለች ሚጢጢ ወንድሟን።

ዳኛው ጣሪያውን አየ። «አባባ ‹የልጆቹ› ይላት ነበር።»

«እትዬስ?»

«‹አንቺ›።»

ሚጢጢ አዳሪ ትምህርት ቤት ገብታ ለመጀመሪያው እረፍት ስትመጣ፣ ሮጣ የሄደችው ወደ እማዬ ክፍል ነበር። አልጋው ወጥቶ የካውያ ጠረጴዛ ገብቶበታል። ማንም ምንም አላላትም፤ እሷም የት ሄደች ብላ ለመጠየቅ ፈራች። በጉልበቶቿ መሀል አጣብቃ ጸጉሯን የምትሠራት ሴት ከዚያ በኋላ የቀረችው እዚህ ፖስታ ውስጥ ብቻ ነው።

«አትነካኪያት» አለች ሚጢጢ፣ እጇን ፖስታው ላይ ጭና። «ያልታወቀች? እኔ አውቃታለሁ! ከእኛው ጋር ትቀመጥ።»

«እና እናታችን አክስት ሆና ትቅር?»

«እትዬማ ፖስታዋ ሞልቶ ሊፈነዳ ነው! እዚያ ላይ እናት ብለህ አጽፍ። ይቺ ምስኪን ምን አደረገችህ?» ፖስታውን ገልብጣ ዘረገፈችው። ከሁሉም አነስ ያለችውን ፎቶ አንስታ አፍንጫው ሥር ወሰደችለት። «ይኸው! ስታጥብህ እይ! ከዚህ በላይ ምን ታድርግልህ?»

ጓሮ ነው። እጅጌዋን እስከ ክርኗ የሰበሰበች ሴት ገንዳ አጠገብ ቁጢጥ ብላለች። ገንዳው ውስጥ አረፋ እስከ አገጩ የደረሰ ልጅ ዓይኑን ጨፍኗል።

ዳኛው መነጽሩን አውልቆ ፎቶዋን ወደ ፊቱ አስጠጋ።

«ይቺ እሷ አይደለችም» አለ።

«ጀርባውን አንብበው! እማዬ ይላል።»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩ ሰሞን። ‹ማ› ፊቱን አዙሮ የለም?» ፎቶዋን ገልብጦ አሳያት። «እትዬ ናት።»

ሚጢጢ ፎቶዋን ነጠቀችው። የእናቷን ክርን አይታ አታውቅም ነበር። እንዲህ በጥርሷ ሁሉ ስትስቅም አላየቻትም።

«ሳሙናው እዚያው ጓሮ በበርሜል ሲቀቀል ነው» አለ ዳኛው። «ሠራተኛ የለ፣ ፋብሪካ የለ። እማዬ ነበር የምላት። ኋላ ቤቱ ሰው በሰው ሆነ፤ ሁሉም እትዬ፣ ታናናሾቼም እትዬ። አንድ ቀን ሳሎን እንግዳ ሞልቶ ‹እማዬ!› ብዬ ብጣራ፣ ‹አቤት› ያለችው ሞግዚቷ ናት፤ ከጓዳ። እንግዶቹ ሳቁ። እትዬም አብራ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ እኔም እትዬ አልኳት።»

ባለሙያዋ ጓንት ያጠለቀ እጇን በቀስታ ዘረጋች። «እንግዲያው ይሄኛውን ለይቼ ወደ እናታችሁ ፖስታ...»

ዳኛው እህቱን አየ። ሚጢጢ የተዘረገፉትን ፎቶዎች በሁለት እጇ ከባ ይዛለች።

«ተይው» አለ። «ሁሉንም ወደነበረበት መልሺ። ፖስታውም ከቤተሰቡ ሳጥን አይውጣ።»

«አባባ፣ ሁለት ሰው እኮ ነው በአንድ ስም!» አለችው ወጣቷ።

«ሁለቱም ተጠርተውበታል።»

«እናታችሁስ? ሁለት ፖስታ ውስጥ ሊገኙ ነው።»

«እንደዚያው ሆና ነው የኖረችው።»

«አለቃዬ ስህተት ነው ይለኛል።»

«አለቃሽ እናቱን ማን ብሎ ነው የሚጠራት?»

ወጣቷ እርሳሷን አንስታ ፖስታው ላይ እማዬ ከሚለው ሥር «ሁለት ሰዎች» ብላ ጻፈች፤ ትንሽ አሰበችና «እናቶች» ስትል ጨመረችበት። ፎቶዎቹንም አንድ በአንድ መለሰች። የገንዳዋን ፎቶ ግን ሚጢጢ አልለቀቀቻትም።

«ጋሼ» አለች ዝቅ ብላ፣ «እማዬ በነበረች ጊዜ እንዴት ነበረች?»

«እጇ ይሻክር ነበር፤ ከሳሙናው ነው። ጆሮዬን ስታሸኝ እንዴት እንደምጮህ!»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሌላውን ጆሮ።»

ሚጢጢ ወንበሯን ወደ እሱ ሳበች። «ቀጥል» አለችው።