ከመኪናው ኋላ የበቀለ

ያንን ክረምት ሳስበው መጀመሪያ የሚያመኝ ወገቤ ነው። ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ሠራሁ ያልኩት ሰው ሁሉ "አውሬ አየሽ?" ይለኛል። የምን አውሬ! እኔ ክረምቱን ሙሉ ያየሁት አረም ነው፤ ያውም አጎንብሼ።

ሥራውን ያገኘልኝ አጎቴ ነው። የምሠራበት ጫማ ፋብሪካ ተዘግቶ ቤት ቁጭ ብዬ ግድግዳ ሳይ፣ "ነይ፣ ሰው እየፈለጉ ነው" አለኝ። አጎቴ የፓርኩ ሾፌር ነበር፤ ፀጉሩ የሸበተው እዚያው መሪ ላይ ነው። ዝግ ብሎ ስለሚነዳ ሠራተኛው "ጋሼ ቀስታ" ይለዋል። ክረምቱ ሲያልቅ ጡረታ ሊወጣ ነውና አንድ ነገር ብቻ ተመኘ፤ ከየት እንደመጣ የማይታወቀውን አረም ከሜዳው አጽድቶ መሄድ። "እንስሳቱ ምን በወጣቸው?" ይላል። "ሳራቸውን ሲውጥባቸው እያየሁማ ቤቴ አልገባም።"

ሥራው እንዲህ ነው። ጠዋት ጭቃ የጠጣ ቦቲ አጥልቀን እናጎነብሳለን፤ አረሙን ከነሥሩ ነቅለን እንከምራለን። ከሰዓት አጎቴ ክፍቱን የጭነት መኪና ያስጠጋና እንጭንለታለን፤ ከፓርኩ በር ውጭ ወዳለው ጉድጓድ ወስዶ ያራግፈዋል፣ እዚያ ይቃጠላል። በማግስቱ ያው ነው። አብረውኝ የሚነቅሉት ሴቶች አረሙን "አማቴ" ይሉታል፤ ሸኝተሻት ሳትቀመጪ ተመልሳ በር ታንኳኳለች። መጀመሪያ ሰሞን ስቄ ነበር። ኋላ መሳቅም አቅም ይጠይቃል። ማታ እጄ ማንኪያ አልይዝም ሲለኝ፣ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ እያልኩ እተኛለሁ።

ግን ሜዳው ጸዳ። እውነቴን ነው፣ ጸዳ። አጎቴ መኪናውን አቁሞ ሲያየው ጥርሱ አልከደን ይላል። "አየሽ የእህቴ ልጅ? ይቻላል ብዬሽ አልነበረም?"

አንድ ቀን መኪናው ላይ ቦታ አጥቼ በእግሬ ወደ በሩ ሄድኩ። መንገዱ ጎርባጣ ነው። የቦቲዬን ጭቃ ላራግፍ ጎንበስ ስል አየኋት። አማቴ! ጣት የማታክል፣ ለምለም። ቀና ብል መንገዱ ግራና ቀኝ እስከ በሩ ድረስ በቅሎበታል፤ መኪናው በሚነጥርበት ቦታ ሁሉ ደግሞ ጥቅጥቅ ብሏል። እጄን በአፌ ጫንኩ። ለካ የነቀልነውን አረም ዘሩን ከኋላችን እያራገፍን ስንዘራው ከርመናል። እየነዳ የሚዘራው ደግሞ አጎቴ ነው።

ለሴቶቹ ስነግራቸው ቀድመው ያውቁ ኖሯል። ለሱ የነገረው ግን የለም፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

"ማን ደፍሮ ይንገረው?" አለችኝ አንዷ። "አንቺ ዘመዱ ነሽ።"

አልነገርኩትም። ተናደድኩበት፣ አዘንኩለት፣ ደግሞም ደክሞኝ ነበር። ሊሄድ ጥቂት የቀረውን ሰው ልፋቱን ገደል ልክተተው? ከዚያ ወዲህ ምሳ ሰዓት ሌሎቹ ጥላ ሥር ጋደም ሲሉ፣ እኔ መንገድ ዳር እየነቀልኩ ጆንያ ውስጥ እከት ጀመር። የሞኝ ለቅሶ መልሶ መልሶ ነው፤ ዝናብ በጣለ ቁጥር እንደ አዲስ። አንዳንዴ አጎቴ በዚያ ሲያልፍ መኪናውን ያቀዘቅዛል።

"ምን ትሠሪያለሽ አንቺ?"

"እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው።"

"አይ ያንቺ ነገር!" ብሎ ያልፋል።

በመጨረሻው ቀን አለቃችን በሩ ላይ ሰበሰበንና "ፓርካችንን ከአረም ነፃ ያወጣ" እያለ አሞገሰው። ካፖርት ሸለሙት። አጨበጨብን፤ ዓይን ለዓይን ግን አልተያየንም። አጎቴ ካፖርቱን ክንዱ ላይ ጣል አድርጎ ቁልፉን ለአዲሱ ሾፌር ሰጠው። ፍሬኑ ትንሽ እንደሚዘገይ፣ ሁለተኛው ማርሽ እንደሚያስቸግር ነገረው። ሄደ ስንል ተመለሰ።

"ስትጭን ሸራ አልብሰው፣ ልጄ" አለው። "እኔ አላለበስኩትም።"

ከዚያ ወደኔ መጣና ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ። "አንቺም ከእንግዲህ ምሳ ሰዓት ጋደም በይ።"

ክረምቱን ሙሉ ያላለቀስኩትን እዚያው ሰው ፊት አለቀስኩት። ሰዉ የስንብት መስሎት "አይዞሽ፣ ጡረታ እኮ ነው" ይለኛል።